ከመጠይቁ እስከ ሠንጠረዡ

በጋሞ ዞን፣ በዳራማሎ ወረዳ፣ ዶማ የምትባል የቆላ መንደር አለች። ዝናብ የማያስተማምናት፣ ከትልልቅ ከተሞች የራቀች የሰፈራ መንደር ናት። አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ እንኳ ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ብዙ ሰው ይኖራል። በኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ዘንድ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. በ1989 በተጀመረ የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ከተመረጡት ጥቂት መንደሮች አንዷ ነበረች። ጥናቱ በ1994 ወደ 15 መንደሮች ሰፋ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ኢኮኖሚዎች ጥናት ማዕከልና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት አብረው እስከ 2009 ድረስ ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን እየተመላለሱ ጠየቁ። ምን ዘራችሁ? ምን ያህል አገኛችሁ? ከቤታችሁ ማን ታመመ? በችግር ጊዜ ከማን ተበደራችሁ? ብዙ ቤተሰብን አንድ ጊዜ ጠይቆ ስንቱ ድሃ እንደሆነ መናገር ይቻላል። ከድህነት ማን እንደወጣ፣ ማንስ ወጥቶ እንደተመለሰበትና ምክንያቱን ለማወቅ ግን ያንኑ በር ከዓመታት በኋላ ዳግም ማንኳኳት ግድ ነው። የዶማ ነዋሪዎች ያንን በር በየጊዜው ከፍተዋል።

ከመልሶቻቸው የተገኘው እውቀት ትልቅ ነው። ስቴፋን ደርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጣሰው ወልደሃና እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የእነዚህን 15 መንደሮች መረጃ መረመሩ። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት የቤተሰብን የፍጆታ ዕድገት በ16.3 በመቶኛ ነጥብ ከፍ እንደሚያደርግ፣ ድህነትን ደግሞ በ6.9 በመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አገኙ። የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢያንስ አንድ ጊዜ የጎበኘው ቤተሰብ ዘንድ ድህነት በ9.8 ነጥብ ሲቀንስ የፍጆታ ዕድገቱ በ7.1 ነጥብ ጨምሯል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2000 ደርኮንና ፕራሚላ ክሪሽናን፣ ቤት ውስጥ ሕመም ሲገባ ጉዳቱን ባልና ሚስት እኩል ይሸከሙት እንደሆነ ከዚሁ ጥናት መረጃ ፈትሸው ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኙ ድሃ ቤተሰቦች ዘንድ ሸክሙ ይበልጥ የሚከብደው በሴቶች ላይ ሆኖ ተገኘ። የመንገድ በጀት የሚመድብ ባለሥልጣንም ሆነ ስለ እናቶች ጤና የሚጨነቅ ሰው ከእነዚህ ግኝቶች የሚማረው አለ።

ይሁን እንጂ ገበሬው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከሰጠው መልስ እስከ ታተመው ሠንጠረዥ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በቅድሚያ ጥያቄው ተጽፎ፣ ሕዝቡ ወደሚናገረው ቋንቋ ተመልሶ፣ በጥቂት ቤቶች ይሞከራል። ናሙናው ያለ አድልዎ በዕጣ ይመረጣል። መልሱ ከመጣ በኋላ ደግሞ መረጃውን የማጥራት ሥራ ይከተላል፤ አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ እንደሆነ፣ በኪሎ የተነገረው በኩንታል ተጽፎ እንደሆነ፣ ያልተመለሰ ጥያቄ በዜሮ ተሞልቶ እንደሆነ አንድ በአንድ ይታያል። ከዚያ ስሌቱ በኮምፒውተር ይጻፋል፤ ሌላ ሰው ቢደግመው ያንኑ ውጤት እንዲያገኝ እያንዳንዱ እርምጃ ይመዘገባል። ከዚህ ሥራ አብዛኛውን የሚሠሩት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ጨርሰው ገና ወደ ቀጣዩ ያልተሻገሩ ወጣቶች ናቸው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ሥራ ባለፉት ዓመታት ራሱን የቻለ የሙያ ደረጃ ሆኗል። ምሩቁ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ደመወዝ እየተከፈለው ከአንድ ፕሮፌሰር ወይም የጥናት ቡድን ጋር ሙሉ ጊዜውን ይሠራል፤ የዶክትሬት ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ አገርም በአዲስ አበባ የምርምር ተቋማት ዘንድ ረዳት ተመራማሪ ወይም በተለምዶ ሪሰርች አሲስታንት የሚባለው ሥራ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለው የሁለት ዓመት የጥናት ሥራ መረጃው በሚገኝበት ቦታ፣ በአርባ ምንጭም፣ መደበኛ ሥራ ሆኖ መቋቋም አለበት። መጠይቁን ይዞ መንደር የወረደው ወጣት ሠንጠረዡ እስኪወጣ ድረስ አብሮ መሄድ ይገባዋል።

ዲግሪው ብቻውን ለምን አይበቃም? በኢኮኖሚክስ የሚመረቅ ተማሪ የፍላጎትና የአቅርቦትን ሕግ፣ የዋጋ ንረትን፣ የኢኮኖሜትሪክስን መሠረት ይማራል። መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለው መረጃ ግን አስቀድሞ ጠርቶና ተሰልፎ የቀረበ ነው። እውነተኛ መረጃ እንዲያ ሆኖ አይመጣም። የጎደለውን ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ከሌሎቹ እጅግ የራቀ ቁጥር ሲገኝ ስህተት ይሁን እውነት እንዴት እንደሚለይ፣ ሁለት ነገሮች አብረው መጨመራቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ለማለት መቼ እንደሚበቃ የሚታወቀው ከባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ በመሥራት ነው። ለጋሞ ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ጥበብ መሥራት የሚጀምረው ስለ ሽመና ተነግሮት ሳይሆን ከመሸመኛው አጠገብ እየዋለ ነው። ክሩን ማዘጋጀት ይለምዳል፤ ድሩ እንዴት እንደሚወጠር ያያል፤ መወርወሪያውን የሚይዘው ቆይቶ ነው። ሲሳሳት ወዲያው የሚያርመው ሰው አጠገቡ አለ። የጥናት ሙያም እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ አስተላላፊና ተቀባይ በአንድ ቦታ በቂ ጊዜ ካልቆዩ ግን ይቋረጣል።

ቦታው ለምን አርባ ምንጭ እንደሚሆን ደግሞ የአካባቢው ኑሮ ራሱ ይመልሳል። እንሰትን እንውሰድ። በደጋው ጋሞ፣ በጨንቻም ሆነ በቦንኬ፣ እንሰት ከቤት ጓሮ አይጠፋም። የቤተሰብ መጠይቆች በአብዛኛው የተቀረጹት በወቅት ተዘርቶ በወቅት ለሚታጨድ እህል ነው፤ ባለፈው የመኸር ወቅት ስንት ኩንታል አገኛችሁ ብለው ይጠይቃሉ። እንሰት ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ የሚቆረጠውም ቤተሰቡ ሲፈልግ አንድ አንድ እየተባለ ነው። ጓሮው ውስጥ የቆመው ተክል ምግብም የክፉ ቀን መጠባበቂያም ነው። ባለፈው ዓመት የተፋቀውን ብቻ የቆጠረ ጥናት ቤተሰቡን ከሆነው በላይ ድሃ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ የቆመውን ሁሉ የዓመት ገቢ አድርጎ የቆጠረም ከሆነው በላይ ሀብታም ያደርገዋል። ሙዝም በአርባ ምንጭ ዙሪያ ቆላ ዓመቱን ሙሉ ስለሚቆረጥ ተመሳሳይ ችግር አለበት። እንዲህ ያለውን ጉድለት ቀድሞ የሚያየው ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንሰት እንዴት እንደሚበላ የሚያውቅ፣ ቁጥሩ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆንም የሚያውቅ።

የቤተሰብ ትርጉም እንኳ እንደዚሁ ያከራክራል። ከጋሞ ደጋ የወጡ ሸማኔዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በተለይም በሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ እየሠሩ ይኖራሉ። ብዙዎቹ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ይመለሳሉ። ታዲያ ዓመቱን አብዛኛውን አዲስ አበባ የሚሸምን አባት የየትኛው ቤት አባል ነው? ጥናቶች ከቤት ርቆ የቆየን ሰው ከአባልነት የሚያወጡበት የወራት ገደብ ያስቀምጣሉ። ገደቡ በአንድ በኩል ከተሰመረ ጨንቻ ያለው ቤት በሴት የሚመራና ገቢው በአብዛኛው ከሩቅ የሚላክ ሆኖ ይመዘገባል፤ በሌላ በኩል ከተሰመረ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩበት ቤት ይሆናል። መጠይቁ በመስከረም መጨረሻ ሲካሄድና በግንቦት ሲካሄድ የሚገኘው ሰው ብዛትም ይለያያል። ከዚህ ስሌት በመነሳት ድጋፍ ለማን ይድረስ የሚለው ውሳኔ ስለሚለወጥ ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

ሌላው ምሳሌ የአስተዳደር ወሰን ነው። አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ የአርባ ምንጭ ከተማ ሕዝብ 74,879፣ የያኔው ጋሞ ጎፋ ዞን ሕዝብ ደግሞ ወደ 1.6 ሚሊዮን ነበር። ጋሞ ራሱን የቻለ ዞን የሆነው ግን በ2011 ዓ.ም. ነው፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ክልሉ ራሱ ተለውጦ ዞኑ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆነ። ስለዚህ የጋሞ ዞን ድህነት ወይም የትምህርት ሽፋን ባለፉት ሃያ ዓመታት እንዴት ተለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ቁጥር አያገኝም። ቀበሌዎችንና ወረዳዎችን ከአሮጌው ወሰን ወደ አዲሱ እያመሳከረ ከሥር መገንባት ይኖርበታል። ሥራው ብርቱ ጥንቃቄና ወራት የሚፈልግ እንጂ የዶክትሬት ዲግሪ የሚፈልግ አይደለም። በጥሩ አሠሪ ሥር ለሚሠራ አዲስ ምሩቅ ልክ የሆነ ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ በአግባቡ ከተሠራም ለዞኑ ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ለዓመታት ያገለግላል።

አሁን ያለው መንገድ ይህን ሰው አያፈራም። ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ምሩቅ በዩኒቨርሲቲ ረዳት ሆኖ የመቀጠር ዕድል ቢያገኝ ዋና ሥራው ማስተማርና ፈተና ማረም ይሆናል፤ ምርምር ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ የሚመጣ ነገር ተደርጎ ይታያል። የቀረው ምሩቅ ለጥናት የሚፈለገው መረጃ ሲሰበሰብ ብቻ ነው። ለሁለትና ሦስት ሳምንት ሠልጥኖ፣ ታብሌት ተሰጥቶት፣ ውሎ አበል እየተከፈለው ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል፤ የመጨረሻው መጠይቅ ሲላክ ሥራው ያበቃል። የጠየቃቸው ቁጥሮች ምን እንደሆኑ፣ ከመልሶቹ የትኞቹ ስህተት ሆነው እንደተገኙ፣ ከሥራው ምን እንደተደመደመ ሳያይ ወደ ሥራ ፍለጋው ይመለሳል። ማሳ ላይ ያስተዋለውም ነገር አብሮት ይሄዳል። ያ ገበሬ ለምን እንዳመነታ፣ ያች እናት የትኛውን ጥያቄ በሌላ መልኩ እንደተረዳችው የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ሠንጠረዡን የሚሠራው ሰው ግን አያገኘውም። በዚህ መለያየት ጥናቱም ወጣቱም ይጎዳሉ።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ የሥራ አጥነቱ ጉዳይ ነው። በየዓመቱ ብዙ ወጣት ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ስለ ጥቂት ተመራማሪዎች ማውራት ቅንጦት ይመስላል። በእርግጥ ይህ ሐሳብ ሥራ አጥነትን አይፈታም፤ እንዲፈታም አይጠበቅም። በዓመት አሥር ወጣት እንኳ ቢቀጠር ጠቀሜታው የሚለካው በብዛታቸው አይደለም። የትኛው የሥራ ዕድል ፈጠራ ፕሮግራም በእርግጥ ሥራ እንደፈጠረ፣ የትኛው ብድር ተበዳሪውን እንዳሳደገ፣ የትኛው ደግሞ ዕዳ ውስጥ እንደከተተው ለመለየት መለካት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ሥራ አጥነቱን ለመቀነስ የሚወጣው ገንዘብ በበዛ ቁጥር የመለካቱ አስፈላጊነት ይጨምራል። ከዚህም ሌላ መረጃ ማጥራትና መተንተን የሚችል ወጣት ባንክም፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየንም፣ የዞን ፕላን መምሪያም፣ ግብረ ሰናይ ድርጅትም የሚፈልገው ሰው ነው። ሁለቱ ዓመታት ወደ ዶክትሬት ብቻ የሚያደርሱ አይደሉም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ለምርምር ገና ነው የሚል ነው። ምርምሩን እንዲመራ ከተጠየቀ አዎን፣ ገና ነው። እዚህ የሚጠየቀው ግን ልምድ ባለው ተመራማሪ ሥር እየሠራ እንዲማር ነው። ከአቅም በላይ የሚሆነውስ ልምዱ ሳይኖር ሁለተኛ ዲግሪ ገብቶ በጥቂት ወራት መጠይቅ አዘጋጅቶ፣ መረጃ ሰብስቦ፣ ተንትኖ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲያቀርብ መጠበቅ ነው። ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ወደ ማስተርስ ሲገባ ጥያቄ ይዞ ይገባል፤ ያ ጥያቄ መልስ ሊገኝለት የሚችል ይሁን አይሁንም አስቀድሞ ያውቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሠልጥነው ይሄዳሉ የሚል ነው፤ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ውጭ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ይሄዳሉ። ሆኖም ሥራው በአግባቡ ከተደራጀ ሰውዬው ቢሄድ እንኳ የጠራው መረጃ፣ የተጻፈው ስሌት፣ የተፈተነው መጠይቅ ለተከታዩ ይቀራል። ዶማን ለሳይንስ ጠቃሚ ያደረጋት የአንድ ሰው እዚያ መቅረት አልነበረም፤ የመጀመሪያው ዙር መዝገብ ለሁለተኛው፣ የሁለተኛውም ለሦስተኛው መቆየቱ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለው የሙያ መሰላል እዚህ ስላልተተከለ ወጣቱ ከመሄድ አይቀርም። የሚሄደው ግን የጋሞን ጥያቄ ሳይዝ ነው፤ ሌላ ቦታ የሚያጠናውም የሌላ ቦታን ጥያቄ ይሆናል።

አራተኛው የአካባቢው ሰው የራሱን አካባቢ ሲያጠና ያዳላል የሚል ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ጎረቤቱ ገቢውንና ዕዳውን ለሚያውቀው ልጅ በነፃነት ላይናገር ይችላል። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው። ጠያቂው በገዛ ቀበሌው አይመደብም፤ ተጠያቂው ፈቃዱን ይሰጣል፤ ስም ከመልሱ ተነጥሎ ይቀመጣል፤ ከተጠየቁት ቤቶች ጥቂቶቹ በሌላ ሰው ዳግም ተጠይቀው መልሱ ይመሳከራል። የናሙናው ዕጣም ለማንም አያዳላም። የአካባቢ እውቀት የሚፈለገው ጥያቄውን በትክክል ለመቅረጽና መልሱን በትክክል ለመረዳት እንጂ ናሙናውን በትውውቅ ለመምረጥ አይደለም። የሩቅ ሰው ደግሞ ከአድልዎ ነፃ ነው ማለት አይቻልም፤ እንሰትን እንደ ስንዴ መቁጠርም አድልዎ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የብዝበዛ ነው፤ በቀላሉም ሊታለፍ አይገባም። በአሜሪካም ቢሆን ይህ ሥራ ወደ ዶክትሬት የሚወስደውን መንገድ ዓመታት ጨምሮበታል፣ የቤተሰብ ድጋፍ ላላቸው ወጣቶች ያደላል እየተባለ ይተቻል። በእኛ አገር ደግሞ የተመረቀ ልጅ ታናናሾቹን እንዲያስተምር፣ ወላጆቹን እንዲደግፍ ይጠበቃል። ክፍያው ለኑሮ ካልበቃ ዕድሉን የሚጠቀመው ቤተሰቡ የተደላደለ ወጣት ብቻ ይሆናል፤ የደጋው ሸማኔ ልጅ ይቀራል። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታዎቹ ከሥራው ጋር አብረው መቆም አለባቸው። ደመወዙ ከጀማሪ የመንግሥት ባለሙያ ማነስ የለበትም። ውሉ የተወሰነ ጊዜ ይኑረው፤ ያለ ማብቂያ አይራዘም። በየሳምንቱ ለትምህርት የተለየ ሰዓት ይመደብ። ለጥናቱ ተጨባጭ አስተዋጽኦ ያደረገ ወጣት ስሙ በጽሑፉ ላይ ይውጣ። እነዚህ ካልተሟሉ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ይሆናሉ፤ ርካሽ ጉልበት በምርምር ስም ይሆናልና።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተመሥርቶ፣ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ፣ ዛሬ አገሪቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ብላ ከለየቻቸው ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። የምርምር ዩኒቨርሲቲ መባል ተመራማሪ የሚፈራበትን የመጀመሪያ ደረጃ ማሟላትንም ይጠይቃል። ለዚያ የሚያስፈልገው ደግሞ እንደሚታሰበው ብዙ አይደለም። በኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትና በዓለም ባንክ በጋራ የሚካሄደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት መረጃ ለተመራማሪዎች ክፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ 3,000 ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን ሲከታተል የቆየው የያንግ ላይቭስ ጥናት መረጃም እንዲሁ። አር የተባለው የስሌት ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ለጥናት ከሚመደበው ገንዘብ ጥቂት የማይባለው አስቀድሞም ለመረጃ ሰብሳቢዎች አበል ይውላል። የዚህን ከፊል ወስዶ ለሃያ ሰው የሳምንታት አበል የነበረውን ለጥቂት ሰዎች የሁለት ዓመት ደመወዝ ማድረግ ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ተቀጣሪዎች የሚሠሩትም ከወዲሁ ግልጽ ነው። አንዱ የጋሞ ወረዳዎችን የቆጠራና የጥናት ቁጥሮች በዛሬው ወሰን መልሶ ያደራጃል። ሌላዋ እንሰትን በአግባቡ የሚለካ መጠይቅ አዘጋጅታ በደጋው ትፈትናለች። ሦስተኛው ሙዝ ከአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ከላንቴና ከጫኖ፣ ተነስቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ዋጋው በየእጁ እንዴት እንደሚለወጥ ዓመቱን ሙሉ ይመዘግባል። አራተኛዋ ወደ ዶማ ትወርዳለች። ይዛ የምትወርደው ግን አዲስ መጠይቅ ብቻ መሆን የለበትም። በጋሞ ባህል የጋራ ጉዳይ የሚመከረው ሕዝቡ ዱቡሻ በተባለው መሰብሰቢያ ስፍራ ተቀምጦ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ለጠየቃቸው ሁሉ ሲመልሱ የኖሩ ቤተሰቦች መልሶቻቸው ተደምረው ስለ መንገድ፣ ስለ ኤክስቴንሽን ሠራተኛው፣ ስለ ታማሚ እናቶች ምን እንዳሳዩ በገዛ ቋንቋቸው ሊነገራቸው ይገባል። ጥናቱ የት ላይ እንደተሳሳተ የሚነግሯትም እነሱ ናቸው። ይህን ማድረግ የምትችለው ደግሞ ሠንጠረዡን ራሷ የሠራች፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ጥያቄ እንደመጣ ማስረዳት የምትችል ወጣት ናት።